ይቅር ያለ ሰው ካሳ ይቀበላል?

ሰው የበደለውን ይቅር ካለ በኋላ ካሳ ቢቀበል፣ ይቅርታው ምን ይሆናል? ይህን የጠየቁኝ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት ለዓመታት የሠሩ እናት ናቸው።

በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ክሊኒክ በአማርኛ አስተርጓሚነት አገለግላለሁ። እዚያ የሚሠሩት የሕግ ተማሪዎች ናቸው፤ ፈቃድ ባለው መምህር ጠበቃ ሥር ሆነው፣ የመክፈል አቅም ለሌለው ሰው በነጻ ይቆማሉ። ትልልቆቹን የቡድን ክሶች፣ ማለትም ጥቂቶች በብዙዎች ስም የሚያቀርቧቸውን፣ የሚያንቀሳቅሱት ሌሎች ጠበቆች ናቸው። ወደ እኛ የሚመጣው ክሱ በስምምነት ሊዘጋ ሲል በፖስታ የሚላከውን ወፍራም ወረቀት የያዘ ሰው ነው። ብዙው ሰው ማስታወቂያ ወይም የአጭበርባሪ ደብዳቤ መስሎት ይጥለዋል። ወረቀቱ ግን ከባድ ነገር ይናገራል፦ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት በዚህ ድርጅት የሠራ ሁሉ በክሱ ውስጥ ነው፤ ፎርም የሞላ ገንዘብ ያገኛል፤ አልፈልግም የሚል እስከዚህ ቀን ጽፎ ይውጣ፤ ዝም ያለ ገንዘቡንም አያገኝም፣ ወደፊትም በዚህ ጉዳይ መክሰስ አይችልም።

የእኚህ እናት ጉዳይ ያልተከፈለ ደመወዝ ነው። የሥራ ፈረቃቸው ካለቀ በኋላ ገንዘብ ቆጥረው፣ ትኬት አመሳክረው፣ ሂሳብ ዘግተው እስኪወጡ ያለው ጊዜ አይታሰብላቸውም ነበር። የሚወጡበትን ሰዓት በትንሽ ደብተር ይጽፉ ነበር። ጉዳያቸውን የያዘችው ተማሪ ደብተሩን ስታገላብጥ «5፡30» የሚል አየችና ግራ ገባት። ፈረቃቸው የሚያልቀው በፈረንጅ ሰዓት ማታ 11 ላይ ነው፤ ታዲያ ከአምስት ሰዓት በላይ ቀድመው ይወጡ ነበር ማለት ነው? ሰዓቱ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ነገርኳት። የእኛ ከምሽቱ 5፡30 የእነሱ 11፡30 ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው ባይኖር ኖሮ፣ ያ ደብተር በባለቤቱ ላይ ይመሰክር ነበር።

ፎርሙ ተሞልቶ ፊርማው ጋ ሲደርሱ እስክሪብቶውን አስቀመጡት። «ልጄ፣ እኔ እኮ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» አሉኝ። «ይቅር ብዬ ቆርቤያለሁ። አሁን ይህን ፈርሜ ብሩን ብወስድ፣ ይቅርታዬን መሸጤ አይሆንም?»

ለተማሪዋ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ቆየችና፣ ፊርማው በዚህ ጉዳይ ሁለተኛ አልከስም ከማለት ያለፈ ትርጉም እንደሌለው፣ ስለ ልብ ግን ሕጉ የሚለው ነገር እንደሌለ ነገረቻቸው። መልሷ ትክክል ነበር። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

በአገራችን እርቅ ሥርዓት አለው። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ በዳይ ጥፋቱን ያምናል፤ አንዳንድ ቦታ ድንጋይ ተሸክሞ ከተበዳይ እግር ሥር ይወድቃል፤ ካሳ ይቆረጣል። ይቅርታውና ካሳው በአንድ ቀን ስለሚመጡ አንዱ የሌላው ዋጋ ይመስለናል። አይደለም። ካሳ የበዳይ ዕዳ ነው፤ ይቅርታ የተበዳይ ስጦታ ነው። በቡድን ክስ ስምምነት ላይ ደግሞ ድንጋይ የሚሸከም የለም። እንዲያውም ድርጅቱ ምንም ጥፋት እንዳልፈጸመ የሚገልጽ አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ስለዚህ የቀረበላቸው ነገር እርቅ አልነበረም፤ ከሠሩበት ደመወዝ ከፊሉ ነው። የገዛ ላቡን ዋጋ የተቀበለ ሰው ይቅርታውን አልሸጠም።

ወንጌል ላይ ዘኬዎስ የሚለውን ልብ ብዬ ያነበብኩት ከዚህ በኋላ ነው። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እሰጣለሁ ይላል፤ በሐሰት የከሰሰው ሰው ካለ ግን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ይላል። ሁለቱን አልቀላቀላቸውም። ምጽዋቱ ለድሃ ነው፤ የተወሰደው ለተወሰደበት ይመለሳል። በብዙ የቡድን ክሶች ሰው ፎርም ባለመሙላቱ የተረፈው ገንዘብ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ይሰጣል፤ በአንዳንዱም ወደ ከሳሹ ሳይሆን ወደ ተከሳሹ ይመለሳል። በጎ አድራጎቱን አልነቅፍም። ዘኬዎስ ግን ለድሃ ሰጥቻለሁ ብሎ የበደለውን ሰው ከመፈለግ አልቀረም።

ሌላም ነገር አለ። እኚህ እናት ይቅር ሊሉ የሚችሉት የራሳቸውን ግማሽ ሰዓት ነው። አብሯቸው የሚሠራውን የኤል ሳልቫዶር ሰው ግማሽ ሰዓት ይቅር ማለት አይችሉም። እንግዲህ ይህ እውነት ከሆነ፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቅ የቡድን ክሱ ተወካይ በእሳቸው ስም እንዴት ይስማማል?

አሜሪካ በዚህ ጥያቄ ብዙ ተንገላታለች። ካርል ሀንስበሪ፣ የጸሐፌ ተውኔቷ የሎሬይን ሀንስበሪ አባት፣ ቺካጎ ውስጥ ለጥቁር ቤት እንዳይሸጥ ነዋሪዎች በተፈራረሙበት ሰፈር ቤት ገዛ። ጎረቤቶቹ ከሰሱት፤ ውሉ የጸና ነው ተብሎ ቀድሞ በሌላ የቡድን ክስ ስለተፈረደ፣ ያ ፍርድ ሁሉንም ያስራል አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1940 አልተቀበላቸውም። ውሉ እንዲጸና የሚፈልግ ሰው፣ እንዲፈርስ ለሚፈልግ ሰው ተወካይ ሊሆን አይችልም። ይህ ፍርድ ትልቅ ነው፤ ውክልና በስም ብቻ እንደማይቆም ተናግሯልና።

እ.ኤ.አ. በ1966 ግን የቡድን ክስ ደንቡ ተሻሻለና፣ በገንዘብ ክሶች ማስታወቂያ ደርሶት ያልወጣ ሰው በክሱ ውስጥ እንዳለ ይቆጠር ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1985 ከጋዝ ሽያጭ ድርሻ የሚከፈላቸው ከ28,000 የሚበልጡ ሰዎች በተወከሉበት ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህንኑ አጸና። የእያንዳንዱ ጥያቄ በአማካይ 100 ዶላር ነበር፤ ለ100 ዶላር ብቻውን ጠበቃ የሚያቆም የለም። የእኛ አገር መንገድ ሌላ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38፣ አንዱ ለብዙዎች ሆኖ እንዲከስ ቢፈቅድም፣ የሚወከሉት ሁሉ መስማማታቸውን ለፍርድ ቤቱ ማስረዳት አለበት። ይህ ለሰው ክብር ይሰጣል። ነገር ግን የሺህ ሰው ፈቃድ ማን ይሰበስባል? ትንሹ በደል እንደተበተነ ይቀራል።

ስለዚህ የአሜሪካው መንገድ ይሻላል እላለሁ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ዝምታው ከምን እንደመጣ ከታወቀ። አንዱ እንግሊዝኛውን ስላላነበበው ዝም ይላል። ሌላው የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳዩ ስላላለቀለት፣ ሌላው አሠሪው እንዳያባርረው፣ ሌላው ለእግዚአብሔር ስለሰጠው። አራቱም ፋይሉ ላይ እንደ ተስማማ ሰው ይመዘገባሉ። ክሊኒኩ የሚሠራው ትልቁ ሥራ፣ በእኔ ዓይን፣ እነዚህን ዝምታዎች መለየት ነው።

እናታችን ጥቂት ቀን አስበው ተመለሱና ፈረሙ። ከዚያም ያላሰብነውን ጠየቁን፤ ማስታወቂያው በአማርኛና በስፓኒሽ ይላክ ዘንድ ለዳኛው መቃወሚያ እንድንጽፍላቸው። ጻፍንላቸው። እሳቸው ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸውን አስፈቅደው ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ አስነገሩ፤ ተማሪዎቹም አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። ፖስታውን ሳይከፍት ያመጣ ሰው ብዙ ነበር። አብዛኛው ፎርም ሞላ። አንድ ሰው ለብቻዬ እከሳለሁ ብሎ ከክሱ የሚወጣበትን ደብዳቤ አጻፈ። አንድ ሌላ፣ ዕድሜያቸው የገፋ አባት፣ ሁሉንም ካስተረጎሙ በኋላ ዝም ቢሉ ምን እንደሚያጡ ደግመው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «እሺ፣ ገባኝ። ይቅርብኝ» አሉ። ተማሪዋ ፎርሙን ወደ እሳቸው አስጠግታ ነበር፤ ወደ ራሷ መለሰችውና ቀጣዩን ሰው ጠራች።