ስለ ተከማቸ የቤት ዕቃ፤ ጥቂት በጥቂት መቀነስ እንዲገባ

እግዚአብሔር ለእስራኤል ልጆች የከነዓንን ምድር ሊያወርሳቸው በወደደ ጊዜ፥ ጠላቶቻቸውን ሁሉ በአንድ ዓመት እንደማያስወጣላቸው አስቀድሞ ነገራቸው። ምድሪቱ ባዶ ሆና የዱር አራዊት እንዳይበዙባቸው፥ እነርሱ እስኪበረክቱ ድረስ ጥቂት በጥቂት ሊያስወጣላቸው ወደደ። ይህም በኦሪት ዘጸአት በ23ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ሁሉን የሚችል አምላክ በአንድ ቀን ማድረግ ሳይሳነው ቀስ ብሎ መሥራትን ከመረጠ፥ እኛም ቤታችንን በምናጸዳበት ጊዜ ከዚህ ትምህርት ልንወስድ ይገባናል።

የብዙ የከተማ ሰዎችን ቤት ተመልከቱ። ከአልጋ በታች ሻንጣ፥ ከቁም ሣጥን በላይ ካርቶን፥ በጓዳ ውስጥ እጀታው የወለቀ ድስት፥ ለልጆች የጠበባቸው ጫማ፥ ከብዙ ጊዜ በፊት የተበላሸ ቴሌቪዥን ይገኛል። እንግዳ ቢመጣ የሚቀመጥበት ስፍራ የለም፤ ልጅ የሚያጠናበት ጠረጴዛም በዕቃ ተይዟል። የጠፋው ሲፈለግ ባልና ሚስት ይቈጣጣሉ።

ነገር ግን ማከማቸት ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ዮሴፍ በግብጽ ሰባት ዓመት ሙሉ እህል አከማቸ፤ ስለ ምን እንደሚያከማችም ያውቅ ነበር፤ የራብ ዘመን በመጣ ጊዜም ጎተራውን ከፈተ። በምድረ በዳ ግን መናውን ለነገ ያስቀሩት ሰዎች በነጋው ተልቶ አገኙት። እንግዲህ ያስቀመጥነው ዕቃ የሚከፈትበት ቀን አለውን? ብለን እንጠይቅ። በሣጥንህ ተጣጥፎ የተኛው ትርፍ ብርድ ልብስ፥ ጎረቤትህ ያለችው መበለት በሐምሌ ብርድ ስትንቀጠቀጥ ካልወጣ፥ መቼ ሊወጣ ነው? መጥምቁ ዮሐንስ ሕዝቡ ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ስለ ሁለት ልብስ ምን እንደ መለሰላቸው ታውቃላችሁ።

በዚህ ነገር ፈጥነው የሚሳሳቱ ተማሮች ልጆች ናቸው። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አባቱ ቤት ይመለሳል፤ እናቱ ገበያ በሄደችበት ሰዓት ቆራሌውን ጠርቶ ጠርሙሱን፥ ቆርቆሮውን፥ የተጠገነውን ምጣድ ሳይቀር ይሸጣል። ቤቱን አጸዳሁ ይላል። እናቱ ግን በ1966ና በ1977 ዓ. ም. በአገራችን የሆነውን ራብ በዓይንዋ ያየች፥ በደርግም ዘመን ከ1967 እስከ 1983 ዓ. ም. ስኳርና ሳሙና ለመግዛት በቀበሌ ሱቅ ደጅ ተሰልፋ የዋለች ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለች ሴት ባዶ ጠርሙስ የምታኖረው ከስንፍና አይደለም፤ ያጣ ሰው ያገኘውን አይጥልምና ነው። እርስዋን አሳዝኖ የሰፋ ቤት፥ አባትና እናትን አክብር የሚለውን ትእዛዝ ያፈረሰ ቤት ነው።

ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ከራሱ ዕቃ ይጀምር። በሳምንት አንድ ካርቶን ይበቃል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ይክፈተው፥ የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤትም ይጠየቅ። ለሰው የሚሰጠው ልብስ ይታጠብ፤ ቁልፉም ይተከልለት። ነቢዩ ሚልክያስ ዕውሩንና አንካሳውን እንስሳ ለመሥዋዕት ያቀረቡትን እንዴት እንደ ወቀሳቸው አስተውሉ፤ ለጌታ የማይገባው ለድሆቹም አይገባም። ለማንም የማይሆነው ስብርባሪ ያን ጊዜ ለቆራሌው ይሰጥ፤ በመርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌው ብረት እንደ ገና ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይሆናል። በልዋጭ ግን ተጠንቀቁ፤ አሮጌ ልብስ ወጥቶ ሦስት ሳፋ ይገባልና።

የሟች ልብስ ከሁሉ በኋላ ይምጣ። በኢዮጴ ዶርቃ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ የሠራችላቸውን ልብስ እያለቀሱ ለጴጥሮስ አሳዩት፤ እርሱም ስለዚህ አልነቀፋቸውም። ነገር ግን ያ ልብስ በዶርቃ ሣጥን ውስጥ አልነበረም፤ በመበለቶቹ እጅ ነበረ እንጂ። ባልዋ የሞተባት ሴት አንዱን ጋቢ ለመታሰቢያ ብታስቀር፥ ሁለተኛውን እርሱ ይወደው ለነበረ ሰው ብትሰጥ መልካም ነው። ማንም አያስቸኩላት፤ ልጆችዋም ሣጥኑን ራስዋ እስክትከፍት ድረስ፥ ዓመት ቢሆን እንኳ፥ ይጠብቁአት።