ለእንስሳ የሚራራ ሰውን ይረሳልን?

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነን በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያየነው ነገር ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን አምስት ሆነን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤታችን ስንሄድ፣ ከእህል በረንዳ በሚወጣው መንገድ ላይ አንዲት አህያ ሁለት ጆንያ እንደ ተጫነች ወደቀች። ነጂዋ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ እንድትነሣ በዱላ መቷት። ገመዱ ጀርባዋን ልጦት ቍስሏ ይታይ ነበር። ከመካከላችን አንዲት እኅት አላስችል ብሏት፣ «አባባ፣ እግዚአብሔርን አይፈሩም?» ብላ ጮኸችባቸው። ሽማግሌውም ዱላውን ዝቅ አድርገው ተመለከቱንና፣ «ልጆቼ፣ አህያዋን አያችኋት፤ ከኋላዋ የሚሄደውን ግን አላያችሁትም» አሉን። ከዚያም ጎንበስ ብለው አንዱን ጆንያ ብቻቸውን ይጎትቱ ጀመር። እኛም የምንመልሰው ቃል ስላጣን ጆንያውን ተጋግዘን እስከ ዳገቱ ራስ አደረስንላቸው።

በዚያው ምሽት በመካከላችን ብርቱ ክርክር ተነሣ። ከፊሎቻችን፣ «ሰው እየተራበ ስለ አህያ መከራከር የጥጋበኛ ሥራ ነው» አልን። ከፊሎቻችን ደግሞ፣ «መናገር ለማይችል ፍጥረት ያልራራ ልብ ለሚናገረውም አይራራም» አልን። ለመሆኑ በየአገሩ ስለ እንስሳት ደኅንነት የሚሟገቱ ሰዎች ለሰው የሚገባውን ርኅራኄ ወስደው ለእንስሳ እየሰጡ ነውን? ይህን ለመመለስ ሥራውን የጀመሩትን ሰዎች ታሪክ ማየት ይገባናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1821 በእንግሊዝ ፓርላማ ፈረሶችን ከጭካኔ ስለሚጠብቅ ሕግ ሲነገር፣ አንድ አባል አህዮችም ይጨመሩ ቢል ምክር ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። በእኛም አገር «አህያ» ማለት ስድብ ነውና ሳቁ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የአየርላንዱ ተወላጅ ሪቻርድ ማርቲን በሳቁ አላፈሩም፤ በሚቀጥለው ዓመት በ1822 ፈረስን፣ በቅሎን፣ አህያን፣ በሬንና በግን በጭካኔ ማንገላታትን የሚከለክለው ሕግ ጸደቀ።

በ1824 ደግሞ አርተር ብሩም የተባሉ ቄስ በለንደን አንድ ቡና ቤት ሰዎችን ሰብስበው እንስሳትን ከጭካኔ የሚከላከል ማኅበር መሠረቱ። ማኅበሩ በኋላ በ1840 ከንግሥት ቪክቶሪያ የንጉሣዊነት ማዕርግ ተሰጠው፤ ጅማሬው ግን በችግር የተሞላ ነበር። ቄሱ ለዚህ ሥራ ሲሉ የደብር አገልግሎታቸውን ተዉ፤ በ1826ም በማኅበሩ ዕዳ ምክንያት ወኅኒ ገቡ። ከዕዳው እንዲወጡ ገንዘብ ካሰባሰቡላቸው ሰዎች መካከል አንዱ ራሳቸው ማርቲን፣ ሌላው አይሁዳዊው ሉዊስ ጎምፐርትስ ነበሩ።

እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሰውን የረሱ ነበሩን? ከመሥራቾቹ አንዱ ዊልያም ዊልበርፎርስ ነበሩ። እኒህ ሰው የባሪያ ንግድ በ1807 በሕግ እስኪታገድ ድረስ ለሃያ ዓመት ያህል በዚያው ምክር ቤት የታገሉ ናቸው። ርኅራኄ እንደ አንድ እንጀራ ለአንዱ ሲቈረስ ለሌላው የሚጎድል ቢሆን ኖሮ፣ ለባሪያው ነፃነት የደከመ ሰው ለአህያዋ የሚተርፈው ባልኖረ ነበር። እኛ ግን የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ከአንዱ ጩኸት ጆሮውን ያልደፈነ የሌላውንም ጩኸት ሰማ።

ይሁን እንጂ የሽማግሌውን ቃል በቀላሉ ማለፍ አይገባንም። የ1822ቱ ሕግ በይበልጥ የያዘው በየመንገዱና በየገበያው የሚሠራውን ድሃ ጋሪ ነጂና ከብት ነጂ ነበር፤ የባለጠጎቹን የአደን ጨዋታ አልነካም። ይህ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው ነው። ስለ እንስሳት የሚሟገት ሰው የሚወድቅበት ፈተናም በዚህ ይታወቃል፦ ዱላውን የያዘውን እጅ ያያል፤ ጭነቱን የወሰነውን ነጋዴ፣ ዋጋውን ያሳነሰውን ደንበኛ ግን አያይም። እንዲህ ሲሆን ርኅራኄው ቀስ በቀስ ወደ ንቀት ይለወጣል፤ እንስሳን እየወደደ ድሃን ይጠላል። ማርቲን ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም፤ ራሳቸው ከሰው ባስፈረዱባቸው ድሆች ላይ የተጣለውን መቀጫ አንዳንድ ጊዜ ከኪሳቸው ይከፍሉላቸው እንደ ነበር ይተረክላቸዋል።

ከዚህ የተሻለውን መንገድ በካይሮ እናገኘዋለን። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ጦር በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ፈረሶቹን በግብፅ ሸጦ ሄዶ ነበር። ወይዘሮ ዶሮቲ ብሩክ በ1930 ካይሮ ሲደርሱ፣ እነዚያ ፈረሶች አርጅተውና ከስተው ጋሪ ሲጎትቱ አገኟቸው። በ1931 ለአንድ የአገራቸው ጋዜጣ ደብዳቤ ጽፈው ገንዘብ ለመኑ፤ በሦስት ዓመትም አምስት ሺህ ያህል እንስሳት ገዙ። ልብ እንበል፤ ገዙ እንጂ አልቀሙም። ባለቤቶቹ ከፈረሱ በቀር መተዳደሪያ የሌላቸው ድሆች ስለ ነበሩ፣ ፈረሱን በነፃ መውሰድ የልጆቻቸውን ዳቦ መውሰድ ነበር። በ1934 ደግሞ በዚያው ከተማ ለሥራ እንስሳት የሚሆን ሆስፒታል አቆሙ።

ወደ ዘመናችንና ወደ አህጉራችን ስንመለስም ነገሩ ያው ነው። በቻይና ከአህያ ቆዳ የሚሠራ መድኃኒት ስለሚፈለግ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አህዮች ለቆዳቸው ይታረዱ ጀመር። በአገራችንም በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በ2017 ከሕዝብ ተቃውሞ የተነሣ ተዘጋ። በየካቲት 2024 የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ማረድን አገዱ። ተሟጋቾቹ ለዚህ ያቀረቡት ምክንያት የእንስሳቱ ሥቃይ ብቻ አልነበረም፤ አህያ ከቤት ስትጠፋ ውኃውና እንጨቱ ወደ እናቶችና ወደ ልጆች ጀርባ ይመለሳል የሚል ነበር። በእንስራ ውኃ የተሸከመች እናት ያላት ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማስረጃ አያስፈልገውም።

በኦሪትም የዕረፍት ቀን ሲታዘዝ በሬውና አህያው እንዲያርፉ ከተባለ በኋላ፣ ወዲያው የአገልጋይቱ ልጅና መጻተኛው ተጠርተዋል። ጫንቃቸው ላይ ቀንበር ያለባቸው ሁሉ በአንድ ትእዛዝ ተሰብስበዋል ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ለጥያቄያችን ያገኘነው መልስ ይህ ነው፦ ለእንስሳ መራራት ሰውን አያስረሳም፤ ነገር ግን ከእንስሳው ኋላ የሚሄደውን ሰው ዘሎ የሚያልፍ ርኅራኄ ገና አልበሰለም።

ይህን ጽፈን ልናበቃ ስንል አንድ ወንድማችን ያስታወሰንን ሳንናዘዝ ብናልፍ ግብዝነት ይሆንብናል። ባለፈው ዓመት ለበዓላችን ዝክር ዱቄት ስናስመጣ፣ የሁለተኛውን ምልልስ ዋጋ ላለመክፈል ስንል ባለ አህያውን፣ «ሁሉንም በአንዴ ጫነው» ያልነው እኛው ነበርን። እየተከራከርን ያተረፍናት ጥቂት ብር በዚያች አህያ ጀርባ ላይ ቍስል ሆና ሳትቀር አልቀረችም። «እግዚአብሔርን አይፈሩም?» የሚለው ጥያቄ ለካ የሚመለከተው ሽማግሌውን ብቻ አልነበረም።

ስለዚህ ለዘንድሮው በዓል ጭነቱ በሁለት ምልልስ እንዲመጣ፣ ዋጋውም ሳይከራከሩ እንዲከፈል፣ ከገመዱ በታች የሚነጠፍ ወፍራም ጨርቅም ከእኛ እንዲሰጥ ተስማምተናል። ነገሩ ትንሽ ነው። ሆኖም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ እናንተም በየሰፈራችሁ ጭነት ስታስጭኑ አስቀድማችሁ አህያዋን እዩ፤ ከዚያም ከኋላዋ የሚሄደውን እዩ፤ በመጨረሻም ዋጋውን የቈረጠው ማን እንደ ሆነ ራሳችሁን ጠይቁ።