የአንዱ ራስ በሌላው ትከሻ ላይ



የአንድን ሰው ራስ ከምስሉ ቆርጦ በሌላው አካል ላይ መቀጠል ከኮምፕዩተር ጋር የመጣ ነገር አይደለም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እ.ኤ.አ. በ1865 ተገደለ። በዚያው ክፍለ ዘመን ከተሰራጩት የሊንከን ሥዕሎች አንዱ በግርማ ቆሞ ያሳየዋል፤ አካሉ ግን የራሱ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1850 የሞተው የባርነት ጠበቃ የጆን ካልሁን ነበር። ሠሪው ራሱን ከመለወጡም በላይ በጠረጴዛው ላይ ባሉት ወረቀቶች የተጻፉትን ቃላት ፍቆ ለሊንከን ዓላማ የሚስማሙ ቃላት ተካባቸው። ካልሁን በሕይወት ቢኖር ምን ይል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም።

ያ በብዙ ድካም በብረት ላይ ይቀረጽ የነበረው ሥራ፣ ፎቶሾፕ የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ከቀረበ ወዲህ ቀላል ሆኗል። የአንገትን ጠርዝ መለየት፣ የብርሃኑን አቅጣጫና የቆዳውን ቀለም ማመሳሰል የሠለጠነ እጅ ይጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ስልክ የያዘ ልጅ በቅጽበት ይፈጽመዋል። ታዲያ ይህ ተግባር ውሸት ነውን?

አባታቸው አንድ የመታወቂያ ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ትቶላቸው ያለፈ ልጆች፣ ወደ ፎቶ ቤት ሄደው ራሱን በሱፍ ልብስና በክራቫት ላይ ያስቀጥሉታል፤ ከእናታቸውም ጎን ያስቆሙታል። ይህን ኃጢአት ብለን አንገሥጽም። ቅዱስ አውግስጢኖስ እንዳስተማረው ውሸት ለማሳሳት ካለው ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም (ቁ. 2482) ይህንኑ ይከተላል። ልጆቹ ማንንም ሊያሳስቱ አላሰቡም፤ ሥራውም ከሥዕል አይለይም። ያው ፎቶግራፍ ግን ለውርስ ክርክር የጋብቻ ማስረጃ ተብሎ ፍርድ ቤት ቢቀርብ፣ ወረቀቱ ሳይለወጥ የሐሰት ምስክር ይሆናል።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ሌላ ሰው አለ፤ እርሱም ራሱ ተቆርጦ አካሉ የተወሰደበት ነው። ፊት ብቻ ሰውን ሰው የሚያደርገው ይመስል፣ ያ ሰው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰው በነፍስና በሥጋ አንድ እንደ ሆነ ታስተምራለች። ሥጋ ራስ የሚቀያየርበት የልብስ መስቀያ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ብልቶች የጻፈው (1ቆሮ 12) ስለ ምእመናን አንድነት ቢሆንም፣ ምሳሌው የቆመው በዚሁ እውነት ላይ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የአንዲት ወጣት ፊት በዕርቃን አካል ላይ ተቀጥሎ በየስልኩ ሲዞር ነው። «ቀልድ ነው፤ ሐሰት መሆኑን ሁሉም ያውቃል» ይባላል። ይህ ምላሽ ከላይ ካነሣነው የልጆቹ ጉዳይ ጋር ይመሳሰል ይሆናል፤ ነገር ግን አይበቃም። አንድ ሰው እንኳ ባይሳሳት፣ ልጅቱ ሳትፈቅድ ተዋርዳለች፤ ያየውም ዓይን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ በሌላ መልክ ይመለከታታል። በደሉ በእውነት ላይ ብቻ ሳይሆን በክብሯና በንጽሕናም ላይ የተፈጸመ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ለወጣቶች ሊያስረዱት የሚገባው ይህ ነው፤ በእውነትና በፍትሕ ላይ የተፈጸመ በደል ይቅርታ ካገኘ በኋላም ካሣን ይጠይቃል (ቁ. 2487)። ስለዚህ «ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ» ማለት ካሣ አይሆንም። እውነት መስሎት ያስተላለፈውስ? እውነት ቢሆን እንኳ የሌላውን ነውር ያለ በቂ ምክንያት መግለጥ ሐሜት ነውና (ቁ. 2477)፣ እርሱም ከካሣው ነጻ አይደለም። ለሃያ ሰው የላከ ሃያውን ይፈልግ፤ በቡድን ውስጥ የለቀቀም በዚያው ቡድን፣ የልጅቱን ስም ደግሞ ሳያነሣ የራሱን ግን ሳይሸሽግ፣ ምስሉ ሐሰት መሆኑን ይጻፍ።