ዳኛው መጽሐፍ ነው ወይስ ሰው?

ሁለት ተከራካሪዎች አንዱን መጽሐፍ ይዘው፣ አንዱን ቃል እየጠቀሱ ተቃራኒ ትምህርት ቢያወጡ ነገሩን የሚቆርጠው ማን ነው? መጽሐፉ እንዳይባል ራሱ የክርክሩ መነሻ ነው። ትውፊት እንዳይባል ሁለቱም ወገኖች የአባቶች ልጆች ነን ይላሉ። ባለሥልጣን ቢባል ደግሞ ሥልጣኑን ማን ሰጠው የሚል ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ይህ የሥነ መለኮት ሊቃውንት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰው እውነትን ከማን ሊቀበል ይገባዋል የሚል የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው።

ጥያቄው በተግባር ከተፈተነባቸው ስፍራዎች አንዱ ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት ጉባኤ አደረጉ። በአንድ ወገን ሁለት ልደትን የሚያስተምሩት ካራዎች፣ በሌላው ወገን ሦስት ልደት የሚሉት የጸጋ ሊቃውንት ቆሙ። ከልዩነቱ ሥሮች አንዱ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ ስለ መቀባቱ የተጻፈው ቃል ነበር። ቃሉን የካደ አልነበረም፤ ልዩነቱ በትርጓሜው ላይ ነው። በመጨረሻ ነገሩ የተቆረጠው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ በመጣ ደብዳቤና በንጉሡ ሥልጣን ሆነ፤ ሦስት ልደትም ተወገዘ።

ለዚሁ ጥያቄ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የራሷ መልስ አላት። ሉተርና ተከታዮቹ «መጽሐፍ ብቻውን ይበቃል» ባሉ ጊዜ፣ የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1546 መጻሕፍትንና ከሐዋርያት የወረደውን ትውፊት በእኩል አክብሮት እንደሚቀበል ደነገገ። የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1870 ፓፓው በመንበሩ ሥልጣን ስለ እምነትና ስለ ምግባር ሲደነግግ እንደማይሳሳት አወጀ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 መጽሐፍ፣ ትውፊትና የማስተማር ሥልጣን አንዱ ያለ ሌላው እንደማይቆሙ አስተማረ፤ ሥልጣኑም የቃሉ አገልጋይ እንጂ የበላይ አለመሆኑን ገለጸ። ሦስቱ እንደ ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢነሣ ድስቱ ይገለበጣል።

መልሱ ሥርዓት ያለው ነው። ይሁንና የዚህችው ቤተ ክርስቲያን ልጅ የሆኑት የአባ ገብረ ሚካኤል ሕይወት ሌላ ነገር ያሳያል። እኒህ የጎጃም ተወላጅ መነኩሴ እውነተኛውን ትምህርት ከገዳም ገዳም፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ሲፈልጉ ኖሩ። በ1833 ዓ.ም. ጳጳስ ሊያመጣ ከተላከው መልእክተኛ ቡድን ጋር ወደ ግብፅ ወረዱ፤ ሮማንም አዩ። በ1836 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆኑ። በአቡነ ሰላማና በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ታስረው፣ በሰንሰለት እንዳሉ ከሠራዊቱ ጋር ሲጎተቱ በ1847 ዓ.ም. አረፉ። ፓፓ ፒዮስ 11ኛም እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው። አባ ገብረ ሚካኤል ለሮማ ሥልጣን የተገዙት ያደጉበትን ሥልጣን በራሳቸው ምርመራ መዝነው ነው። እንግዲህ ለሥልጣን መታዘዝ እንኳ ከኅሊና ፍርድ የሚጀምር ነው።

ይህ ሲዘነጋ ዳኝነቱ ወደ ሰይፍ ይዞራል። በዚህ ረገድ ንጹሕ ነኝ የሚል ወገን የለም። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን እምነት በአዋጅ ለመትከል ሞክረው፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ሕዝቡን ወደ ቀድሞ እምነቱ መለሱ። ከቦሩ ሜዳ በኋላም በሸዋ ሲያስተምሩ የነበሩት የካቶሊኩ ጳጳስ ማስያስ እ.ኤ.አ. በ1879 ከአገር እንዲወጡ ተደረገ። ከሁሉም የከበደው ግን በወሎ ሙስሊም ሕዝብ ላይ የወደቀው የመጠመቅ አዋጅ ነው። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ሼኽ ጠልሃ ግን ዐመፁ። አዋጁ ካተረፋቸው ነገሮች አንዱ «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም» የሚለው አነጋገር ነው። አንደበት ታዘዘ፤ ልብ ግን በቦታው ቀረ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ዳኛ አያስፈልግም የሚል አይደለም። ዳኛ የሌለው መጽሐፍ የጉልበተኛ መሣሪያ ይሆናል፤ ጮክ ብሎ ያነበበ ይረታበታል። ነገር ግን ዳኛው ራሱ በሚፈርድበት ቃል የሚዳኝ፣ ምክንያቱን ለተረታው ወገን ጭምር የሚያስረዳ ሊሆን ይገባዋል። ተከራካሪው አሳማኝ ነገር ሰምቶ ዝም ቢል ክርክሩ አለቀ ይባላል። ፈርቶ ዝም ካለ ግን ክርክሩ ከአደባባይ ወደ ጓዳ ገባ እንጂ አላለቀም።