ቀብድ ስለ በላ ሠራተኛና ስለ ባለቤቱ

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ቤትህን ለማደስ ከአንድ ሠራተኛ ጋር ተስማምተህ፥ ቀብድም ቈጥረህ ሰጥተኸው፥ እርሱ ግን ሥራውን ጥሎብህ የሄደ እንደ ሆነ ምን ታደርጋለህ? ይልቁንም ያ ሰው የንግድ ፈቃድ የሌለው፥ አንተም እንደሌለው እያወቅህ ዋጋው ስለ ረከሰልህ የመረጥኸው እንደ ሆነ፥ ገንዘቤን መልስ ለማለት በምን አፍ ትናገራለህ? ይህን ጥያቄ የማቀርብልህ ከመጽሐፍ አግኝቼው አይደለም፤ በአጣዬ ከተማ በገዛ ቤቴ ጣራ ላይ ስለ ደረሰብኝ ነው እንጂ።

አጣዬ ከደብረ ብርሃን ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች፥ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በሆነው ጥፋት ከከተማዪቱ ቤቶች ብዙዎቹ ተቃጠሉ። ሕዝቡም ከተሰደደበት በተመለሰ ጊዜ ሁሉም ባንድነት አናጢና ግንበኛ ፈለገ፤ መዶሻ የያዘ ሁሉ አናጢ ተባለ። ክረምት ሳይገባ ጣራ ማግኘት የሰው ሁሉ አሳብ ነበርና ፈቃድህን አሳየኝ የሚል አልነበረም።

የእኔ ቤት ከእሳቱ ተርፎ ነበር፤ ነገር ግን ቆርቆሮው ዝጎ፥ ከወራጁም አንዳንዱን የቆላው ምስጥ በልቶት ነበር። አስቀድሜ ፈቃድ ያለውን ሥራ ተቋራጭ ጠየቅሁ፤ ዋጋው ከበደኝ። በኋላም አንድ ወጣት አናጢ የዚያን ግማሽ በሚያህል ዋጋ እሠራለሁ አለኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ 8000 ብር ቀብድ ሰጠሁት። ወረቀት አልተጻጻፍንም፥ ምስክርም አልጠራንም። ሦስት ቀን መጣ፤ አሮጌውን ቆርቆሮ አወረደ፥ የበሰበሰውን እንጨት ነቀለ፥ ጥቂት ሚስማርና ወራጅም ገዛ፤ በአራተኛው ቀን ቀረ። ጊዜው ሰኔ ነበርና ዝናቡ በልጆቼ መኝታ ላይ ወረደ።

ከብዙ ቀን በኋላ በገበያ መካከል አገኘሁት። አንባቢ ሆይ፥ ያን ቀን ያደረግሁትን ስጽፍልህ አፍራለሁ። ሌባ ብዬ ጮኽሁበት፤ ሰውም ተሰበሰበ። እርሱ አንገቱን ደፍቶ ከቆየ በኋላ፥ «መምህር፥ ፈቃድ እንደሌለኝ እርስዎ ያውቁ ነበር። ያን ጊዜ ዋጋው ስለ ቀነሰልዎ ሕግ አልጠየቁኝም፤ ዛሬ ስለ ምን ሕግ ይጠሩብኛል?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ሰውም መሳቅ ሲጀምር ትቼው ሄድሁ፤ ቃሉ ግን እስከ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ።

እንግዲህ ያ ቃል እውነት ነውን? እኩሌታው እውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ንግድ የሚሠራ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ያዝዛል። ፈቃድ ያለው ሁሉ እውነተኛ፥ የሌለውም ሁሉ አታላይ ነው አልልም፤ ሙያውን ከአባቱ ተምሮ ባንድ ወረቀት ሳይደገፍ በታማኝነት የሚኖር ስንት ሠራተኛ አለ! ነገር ግን ፈቃድ የሰውን ልብ ባያነጻ፥ ሰውዬውን በጠፋ ጊዜ የት እንደምታገኘው ይነግርሃል፤ ስሙና አድራሻው ተጽፎአልና። እኔ ያን ትቼ ርካሹን ዋጋ ያዝሁ። የቀነሰልኝስ ገንዘብ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ግብር ካለ መክፈሉ፥ ዋስ ካለ መጥራቱ፥ ስሙንም ካለ ማስመዝገቡ ነው። ከእርሱ ሕግ መተላለፍ የተገኘውን ጥቅም እኩል ተካፍለን ስናበቃ፥ ጉዳቱ በመጣ ጊዜ እኔ ብቻ ንጹሕ ሆኜ ለመቆም ፈለግሁ።

ደግሞም ርካሽ ሥራ ገንዘብን ብቻ አያጠፋም። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ በሆነ ጊዜ በአጠገባችን ያለችው ማጀቴ እንደ ፈረሰች ሽማግሎቻችን ይናገራሉ። በእንዲህ ያለ ምድር ላይ ቤት የሚያሠራ ሰው የሠራተኛውን ሙያ ሳይመረምር የልጆቹን ራስ ከጣራው በታች ማኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን በመንገዳችን ላይ ስላገኘሁት ተናገርሁ፤ ወደ ነገራችን እንመለስ።

የሰውዬው ቃል እኩሌታው ሐሰት የሚሆነው በዚህ ነው፤ የእኔ ስንፍና የእኔን ገንዘብ የእርሱ አያደርገውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ በግልጥ ይናገራል። በቁጥር 1883 ቀብድ መስጠት ውል ስለ መኖሩ ማስረጃ ይሆናል፤ በቁጥር 1884 ውሉ በተፈጸመ ጊዜ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከዋጋው ይታሰባል። ስለዚህ ውሉ የጸና እንደ ሆነ ሠራተኛው ስላልፈጸመ ባለ ዕዳ ነው። ፈቃድ ስለሌለኝ ውሉ ፈራሽ ነው ቢልም አያመልጥም፤ ውል በፈረሰ ጊዜ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን አስቀድሞ ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ቁጥር 1815 ያዝዛልና። ባንደኛውም በር ቢወጣ በሁለተኛውም ቢወጣ ገንዘቡ የእርሱ አይደለም። ቋንቋችንስ ይህን ያውቅ የለምን? የሚሠራውን ሰው ቀብድ ተቀበለ እንላለን፤ የጠፋውን ግን ቀብድ በላ እንለዋለን።

አንዳንድ ወንድሞች ግን፥ ክርስቲያን ገንዘቡን ሊጠይቅ አይገባውም፥ ይተውለት ይላሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች እርስ በርሳቸው በመካሰሳቸው እንደ ገሠጻቸው አውቃለሁ፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ በተበደለ ጊዜ ወደ ቄሣር ይግባኝ አለ። ቍጣን መተው አንድ ነገር ነው፥ ዕዳን መተው ሌላ ነገር ነው። ያ 8000 ብር የእኔ ብቻ አልነበረም፤ እኩሌታው ባለቤቴ ከዕቁብ ያወጣችው ነበር። በእርስዋ ገንዘብ ይቅር ባይ ልባል አይገባኝም።

ስለዚህ እንደገና ሄድሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን ብቻዬን፥ ወደ ቤቱ። ጌታችን የበደለህን ሰው አስቀድመህ ለብቻህ ንገረው ብሎ ያስተማረው ለምን እንደ ሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ በገበያ ላይ የሚሰደብ ሰው ስለ ክብሩ ይዋጋል እንጂ ስለ ዕዳው አያስብም። ሕጉም ከዚህ አይርቅም፤ ቁጥር 1772 ባለ ገንዘቡ አስቀድሞ ለባለ ዕዳው ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዝዛል። እኔም ቀን ወስኜ በወረቀት ጽፌ፥ አንዱን ለእርሱ ሰጥቼ አንዱን ለራሴ አስቀረሁ። መጋዙንና መላጊያውን በደጁ ተቀምጦ አየሁ፤ ጎረቤቴ አስቀድሞ፥ ዕቃውን ያዝበት ብሎ መክሮኝ ነበር። ነገር ግን የሙሴ ሕግ የሰውን ወፍጮ መያዣ አድርጎ መውሰድን ይከለክላል፤ ሰውዬው የሚበላበትን መውሰድ ነውና። መጋዝ የሌለው አናጢ ከምን አምጥቶ ይከፍለኛል?

የወሰንሁት ቀን ባለፈ ጊዜ ሦስት ሽማግሎች ለመንሁ፤ በይፋት ክርስቲያኑም እስላሙም አብሮ ይኖራልና ከሦስቱ አንዱ ሼኽ ነበሩ። እርሳቸውም የመጀመሪያ ጥያቄአቸውን ያቀረቡት ለእርሱ ሳይሆን ለእኔ ነው፤ «ሦስት ቀን ሠርቶልህ የለምን? ያን አስበሃል?» አሉኝ። አላሰብሁም ነበር። የሦስት ቀን ድካሙ፥ የገዛው ሚስማርና እንጨት፥ ከእርሱ ጋር ሆኖ ቆርቆሮ ላወረደው የቀን ሠራተኛም የሚገባው ሁሉ ተቈጥሮ 3200 ብር ሆነ። የቀረው 4800 ብር ነው።

ከሽማግሎቹ አንዱ ሕግ የሚያውቅ ነበርና፥ በቁጥር 1885 ቀብድ ተቀባዩ ውሉን ያፈረሰ እንደ ሆነ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ እጥፉን ይመልሳል ብሎ አሳሰበኝ። አንባቢ ሆይ፥ እጥፍ የሚለው ቃል ልቤን እንዳሞቀው አልሸሽግህም። ነገር ግን የሰጠሁት ገንዘብ ለውሉ ማሰሪያ የሆነ ቀብድ ነው ወይስ ለዕቃ መግዣ የተሰጠ ቅድሚያ ክፍያ? ቅድሚያ ክፍያ የሆነ እንደ ሆነ እጥፍ የለበትም። በአፋችን ቀብድ ብለነዋል፤ በወረቀት ግን አልጻፍነውምና ማስረዳት አልችልም። ደግሞም ከበደሉ ተካፍዬ ሳለሁ ከበደሉ ላተርፍበት አልወደድሁም። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነበር። በሕጉ እጥፉን የሚወስደውን ሰው ግን አልፈርድበትም፤ ሕጉ ለእርሱም ተሠርቶአል።

ገንዘቡ ወዴት እንደ ሄደ ሽማግሎቹ በጠየቁት ጊዜ አናጢው እውነቱን ተናገረ። የእኔን ቀብድ ከእኔ በፊት ቀብድ ለሰጠው ሰው ቆርቆሮ ገዝቶበት ነበር፤ የዚያንም ሰው ገንዘብ ከእርሱ በፊት ለነበረው አውሎታል። ባንዱ ቀብድ የሌላውን ቤት እየከደነ፥ ሁልጊዜ አንድ ጣራ ወደ ኋላ ቀርቶ ይኖር ነበር። የመጨረሻው ጣራ የእኔ ሆነ። አታላይ ብዬ የጠራሁት ሰው መቍጠር ያልተማረ ሰው እንደ ሆነ ያን ጊዜ አየሁ፤ ለተበደለው ሰው ግን ልዩነቱ ብዙ አይደለም፥ ዝናቡ ያው ዝናብ ነውና።

ከአንድ ሳምንት በኋላ 4800 ብሩን ሙሉ ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ደስ አለኝ፤ እጄንም ዘረጋሁ። ነገር ግን ያን ያህል ገንዘብ በሰባት ቀን ከየት አገኘኸው ብዬ ጠየቅሁት። ዝም አለ። ደግሜ በጠየቅሁት ጊዜ፥ አንዲት ባልቴት ወጥ ቤትዋን ሊሠራላት ቀብድ እንደ ሰጠችው ነገረኝ።

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? ገንዘቡ የሚገባኝ ነበር፤ ሽማግሎችም ፈርደውልኛል፤ ከየት እንዳመጣው መጠየቅም ግዴታዬ አልነበረም፤ ሕግም ተቀበል ቢለኝ እንጂ አትቀበል አይለኝም። ልጆቼም እስከዚያ ቀን ድረስ ከጎረቤት ያድሩ ነበር። ነገር ግን ያን ብር ብቀበል፥ እኔ ላይ የወረደው ዝናብ በእርስዋ ላይ ሊወርድ ነው፤ እኔም አሁን እያወቅሁ ነው። ባለቤቴን ጠራሁና ነገሩን ነገርኋት፤ ገንዘቡ የእርስዋም ነውና። እርስዋም ጥቂት አስባ፥ «ሂድና የሴትዮዋን ቆርቆሮ ዛሬውኑ ግዛላት፤ ለእኛ በየወሩ 600 ብር አምጣ» አለችው። ይህንም በወረቀት ጽፈን ሼኹ ዋስ ሆኑለት።

የእኛን ጣራ በሌላ ሠራተኛ አስከደንነው፤ በዚህ ጊዜ ፈቃዱን አይቼ፥ ገንዘቡንም ሥራው በደረሰበት ልክ እየከፈልሁ። ያ አናጢ አምስት ጊዜ 600 ብር አመጣ። የስድስተኛው ወር ቀን ግን አልፎአል፤ ሚስቱ ወልዳ ነበርና ባለቤቴ ገንፎ ይዛ ልትጠይቃት ሄደች፥ ስለ ገንዘቡም ምንም እንዳታነሣ አደራ ብያታለሁ።