መውጫውን ሳታዪ አታስገቢ

ልጄ፣ የአንበሳ ማቆያውን ንድፍ አየሁት፤ እጅሽ ይባረክ። ጎብኚ የሚቆምበት ሰገነት አምሯል፣ ፏፏቴውም አምሯል። አንበሳው ቢታመም ወይም ለሌላ ቦታ ቢሰጥ የማጓጓዣው ሣጥን የሚወጣበት በር ግን የለም፤ የጭነት መኪና የሚጠጋበት ቦታም አልተውሽም። ስለዚህ ስለ መውጫ በር ላጫውትሽ። ካርቱም የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ወሬዬ ወደዚያ ይሄዳል፤ ዘመኑንም በፈረንጅ ቁጠሪልኝ።

ካርቱም ላይ ዓባይ ዳር፣ ሊቢያዎች ያስገነቡት ኮሪንቲያ ሆቴል በቆመበት ቦታ ላይ፣ ድሮ የእንስሳት ማቆያ ነበር። ያ ግቢ ዛሬ በገንዘብ የማይገኘውን የሰሜኑን ነጭ አውራሪስ ይዞ ነበር። በ1990 አንጋሊፉ የሚባለው ወንድ አውራሪስ ለእርባታ በውሰት ወደ አሜሪካ፣ ሳንዲያጎ ሄደ። እዚያ ሴቶች ይጠብቁት ነበር። ሙሽራው ደረሰ፣ ዓመታት አለፉ፣ አንድም ግልገል ሳይወለድ በ2014 መጨረሻ አርጅቶ ሞተ። የላከው የካርቱም ማቆያ ራሱ ከእሱ ቀድሞ ተዘግቷል።

ለምን አልወለዱም ብትዪኝ፣ ነገሩ የተበላሸው ከዚያ በፊት ነው። በ1975 ዛሬ ደቡብ ሱዳን ውስጥ ካለው ሻምቤ ስድስት አውራሪሶች ተይዘው ቼኮዝሎቫኪያ፣ ድቩር ክራሎቬ ገቡ። ከነሱ አንዱ በኋላ ስሙ ዓለምን የዞረው፣ ሱዳን የተባለው ወንድ ነው። በዚያ ማቆያ ከ1980 እስከ 2000 የተወለዱት ንጹሕ ዘር ግልገሎች አራት ብቻ ናቸው። ሴት አውራሪስ ሳትወልድ ብዙ ዓመት ከቆየች ማህፀኗ ላይ እብጠትና ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይበዛል፤ ከዚያ ወዲያ ወንድ ብታመጪላት ዋጋ የለውም። በ2009 መጨረሻ ከቀሩት አራቱን ወደ ኬንያ፣ ኦል ፔጄታ ወሰዷቸው፤ ሜዳውና ፀሐዩ ያነቃቸዋል ተብሎ። መሳረር ነበር፣ መውለድ አልነበረም። ሱዳን በመጋቢት 2018 ሞተ። አሁን የቀሩት ልጁ ናጂንና የልጅ ልጁ ፋቱ ብቻ ናቸው። ሳይንቲስቶች ከፋቱ እንቁላል እየወሰዱ ከሞቱት ወንዶች በተቀመጠ ዘር ፅንስ ይሠራሉ። በ2023 ዘዴው እንደሚሠራ ለማየት የደቡቡን ነጭ አውራሪስ ፅንስ በአንዲት የደቡብ ሴት ማህፀን አስቀምጠው ያዘ፤ እናቲቱ ግን በእርግዝናዋ ሰባኛ ቀን ግድም በባክቴሪያ ሞተች። ይህን ሁሉ ድካም ሳይ በወጣትነታቸው ከወንድ ጋር ያልተገናኙትን ሴቶች አስባለሁ። እርባታ የምትሉት ነገር ቀን አይጠብቅም፤ ማን ከማን እንደሚገናኝ የሚወሰነው ሴቷ ገና ልጅ ሳለች ነው።

አሁን ወደ አንበሶቹ። በጥር 2020 ካርቱም ውስጥ አል ቁረሺ በሚባለው መናፈሻ አጥንታቸው የወጣ አምስት አንበሶች ፎቶ ዓለምን አዳረሰ። የመግቢያ ትኬቱ ገንዘብ ሥጋውን አይችልም ነበር፤ ጠባቂዎቹ ከኪሳቸው እየገዙ ያበሏቸው እንደነበር ተናግረዋል። አንዷ ሞተች። ካንዳካ የተባለችው ዳነችና ኦስማን ሳሊህ የሚባል ወጣት ከከተማው ደቡብ፣ ባጊር ባቋቋመው መጠለያ ገባች። ጥሩ ግቢ ነበር፤ ጥላም ሜዳም ያለው። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት ፈነዳና ግቢው መሐል ላይ ቀረ። በኅዳር ፎር ፖውስ የሚባለው ድርጅት 15 አንበሶችና ሌሎች እንስሳት አውጥቶ ዋድ መዳኒ አጠገብ ኡም ባሮና አደረሳቸው፤ ወር ሳይሞላ ጦርነቱ ዋድ መዳኒም ገባ። ለእነዚህ ቢያንስ የሚያወጣ መኪና ተገኘላቸው። ካርቱም ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ የነበሩት ከመቶ የማያንሱ አዞዎች፣ እንሽላሊቶችና እባቦች ላይ ግን በሩ እንደተቆለፈ ቀረ፤ ሙዚየሙ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ ስለነበር ሠራተኛ ሊደርስ አልቻለም።

ስለዚህ ሣጥኑን እንደ እንግዳ ዕቃ አትዪው። የማጓጓዣ ሣጥን ከማደሪያው ክፍል ተንሸራታች በር ጋር ልክ ገጥሞ ሁልጊዜ ይቀመጥ። ሁለቱም ጫፍ ይከፈት፤ አንበሳው እንደ መተላለፊያ ይለማመደው። ሥጋውን መጀመሪያ ደፍ ላይ አድርጉለት፣ ከዚያ አንድ ክንድ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ጫፉ ድረስ። ገብቶ ተረጋግቶ መብላት ሲጀምር የኋላውን በር ዝጉና ወዲያው ክፈቱለት። ይህን ለሳምንታት ስታደርጉ የመጓዣው ቀን እንደሌላው ቀን ይሆንለታል፤ ማደንዘዣም ላያስፈልግ ይችላል። ማደንዘዣ ካስፈለገ ሆዱ ባዶ ይሁን፣ ጊዜውም ሌሊት ወይም ንጋት። የካርቱም ፀሐይ ከ40 ዲግሪ በላይ ስትሆን የደነዘዘ እንስሳ ሙቀቱን መቆጣጠር አይችልም። የበሩ መሳቢያ ከውጭ ይሁን፤ ለመዝጋት ሰው ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። አዲስ የመጣውንም ሠላሳ ቀን ለብቻ አቆዩት፤ ያ ክፍል የራሱ የፍሳሽ መውረጃ ይኑረው። ንድፍሽ ላይ የሁሉም ፍሳሽ በአንድ ቦይ ይሄዳል፤ እሱን አስተካክዪው።

ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢን ሳታነሺ አትቀሪም። በ1948 አምስት ወንድና ሁለት ሴት ተብሎ የተጀመረ ነው ይባላል። የእነዚያ ዘር በ2012 በወጣ የጄኔቲክ ጥናት ከሌሎች አንበሶች የተለየ መሆኑ ታይቷል፤ ትልቅ ሀብት ነው። በዚያው ግቢ በ2006 ማቆያና ገንዘብ ስለሌለ ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉ ለጋዜጠኞች ተነግሯል። ሁለቱም የአንድ ጉዳይ ሁለት ፊቶች ናቸው፤ የመዋለድ መዝገብ ካልያዛችሁ ውድ ዘር ይበዛባችኋል፣ ወይም በዘመዳሞች መካከል ይወለዳል። አንዲት ሴት አንበሳ በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ደቦል ትጥላለች፤ ያደገ አንበሳ በቀን አምስት ኪሎ ያህል ሥጋ ይፈልጋል፤ ዕድሜው ከሃያ ዓመት በላይ ሊሄድ ይችላል። ወንዱን እናኮላሽ እንዳትሉ፤ ጎፈሩ ይረግፋል፣ የኛ አንበሳ ደግሞ ያለ ጥቁር ጎፈሩ ምኑን አንበሳ ሆነ። የዘር ቱቦውን ብቻ መቋጠር ይቻላል፤ ለሴቷም ከቆዳ ሥር የሚቀበር የወሊድ መከላከያ አለ። እናም እርባታ ከመጀመራችሁ በፊት ደቦል የሚቀበል ቦታ በጽሑፍ ይስማማ፤ ባለቤትነቱ የማን እንደሆነ፣ ማን የመጓጓዣውን እንደሚከፍል፣ ተቀባዩ ቢዘጋ ወዴት እንደሚመለስ ይጻፍ። ተቀባይ ከሌለ ወንዱንና ሴቷን ለየብቻ አድርጓቸው።