አዝማሪው ሲገደል ፉከራው ለምን ተረፈ?

መጋቢት 10 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣሊያው እንደራሴ ሮዶልፎ ግራዚያኒ ለቅኝ ግዛት ሚኒስትሩ ለአሌሳንድሮ ሌሶና ቴሌግራም ላከ። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና አስማተኞች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙን፣ እስከዚያች ቀንም 70 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። የካቲት 12 በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረበት ገና ወር አልሞላውም ነበር። በእነዚያ ሳምንታት የተማረውን ወጣትና የከተማውን ድሃ ሲፈጅ የሰነበተው አገዛዝ፣ ማሲንቆ አንግቶ የሚዞረውንም ሰው ከጠላቶቹ ተራ አስገባው።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ዘመን ለአብዛኛው ሕዝብ ጋዜጣውም ሬዲዮኑም አዝማሪው ነው። ከገበያ ገበያ፣ ከሠርግ ሠርግ፣ ከጠጅ ቤት ጠጅ ቤት ይዞራል፤ በዋለበት የሰማውን ባደረበት ያወርዳል። ግጥሙ ደግሞ ሰምና ወርቅ አለው። ሹሙን ሲያወድስ የሰማ ሰው፣ ወቀሳ መሆኑ የሚገለጥለት ቤቱ ከገባ በኋላ ሊሆን ይችላል። የኢጣሊያ ዘመን አያልቅም ወይ የሚለው ሹክሹክታ አገር ሲያዳርስ፣ በማን አፍ እንደሚሄድ አገዛዙ ገምቷል። ስለዚህ አፉን ዘጋ።

ትምህርቱ ያለው ከዚያ በኋላ በሆነው ነገር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን፣ የጀማና የወንጪት ገደሎች በሚከቧት መርሐቤቴ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በመንዝ ደጋ፣ ከዚያም ወዲያ በግሼ፣ ዜማው አልቆመም። ራስ አበበ አረጋይና ሌሎች የሸዋ አርበኞች በዚህ አገር እየተዘዋወሩ አምስቱን ዓመት ተዋጉ። ጠላት የጭካኔውን ጥግ ያሳየውም እዚሁ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በመንዝ፣ የአገሬው ሰው አመጸኛ ዋሻ በሚለው በዘረት ዋሻ የተጠለሉ አርበኞችን ከነሴቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በመርዝ ጋዝ መታ፤ እጃቸውን ከሰጡትም በመቶዎች የሚቆጠሩትን ረሸነ። ሽለላና ፉከራ ግን እስከ ድሉ ቀን ድረስ ከአርበኛው አፍ አልተለየም፤ ከድሉ በኋላም ለልጅ ልጅ ተረፈ።

ለምን? ፉከራ የማንም ሙያ ስላልነበረ ነው። ፎካሪው ብድግ ይላል፤ ጠመንጃውን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይንጎራደዳል፤ የአባቱን ስም፣ የፈረሱን ስም ይጠራል፤ የዋለበትን ውሎ ይቆጥራል። ከበው የቆሙት ይቀበሉታል፤ ሴቶቹ በእልልታ ያነሡታል። ቀረርቶው ድምፅን እያስረዘመ ከአንዱ ገደል ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ሽለላው ደግሞ የቆመውን ልብ ያሞቃል። ይህን ለመቻል የአዝማሪ ልጅ መሆን አያስፈልግም። ልጅ በሠርግ፣ በለቅሶ፣ በግብር እየሰማ ያድግበታል፤ ተራው ሲደርስም ይነሣል። እንዲህ ያለውን ዜማ ለማጥፋት አገሩን በሙሉ መግደል ያስፈልግ ነበር።

የአዝማሪው ጥበብ ዕጣ ከዚህ የተለየ ነው። የማሲንቆው አያያዝ፣ የፈረስ ጭራው ጅማት አወጣጠር፣ በአንዲት ክር ላይ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን የሚያወጣው የጣት ልምድ፣ የየቤቱ ዘርና ሙገሳ፣ አዝማሪዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት ቋንቋ፣ ሁሉም ከአባት ወደ ልጅ በቤት ውስጥ ይተላለፋል። ሌላው ሰው አዝማሪውን እየወደደ ሙያውን ይንቅ ነበር። ይደሰትበታል፣ ይሸልመዋል፣ ልጁ ማሲንቆ ቢያነሣ ግን ይቆጣል። ይህ ንቀት ጥበቡን በጥቂት ቤቶች ውስጥ ቆልፎ አስቀመጠው። ገዳዩ ሲመጣ በር ማንኳኳት የነበረበት በእነዚያ ቤቶች ብቻ ነው። መምህሩ ከደቀ መዝሙሩ ጋር ሲሞት የቀረ ጽሑፍ የለም፤ የተሰበረውን የሚጠግን ጎረቤትም የለም። ለጥይቱ ግራዚያኒ ይጠየቅበታል፤ ጥበቡን ያለ ወራሽ ላስቀረው ንቀት ግን ተጠያቂዎቹ እኛው ነን።

አንድ ሌላ ዕጣ ከዚህ ጎን ይቆማል። ከግድያው 30 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ የሰሜን ሸዋው የምንጃር ተወላጅ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ተልኮ ጀርመን አገር ሄደ። የተላከው ስለ መኪና እንዲማር ነበር፤ እዚያ ሳለ ግን ማሲንቆውን እየመታ ዜማውን በሸክላ አስቀረጸ። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያ ቅጂዎች ኢትዮፒክስ በተባለው የሙዚቃ አልበሞች ተከታታይ 27ኛ ቁጥር ሆነው እንደገና ታተሙ፤ ዛሬም የፈለገ ሁሉ ይሰማቸዋል። በዚያው ዘመን ሀንጋሪ ውስጥ የሙዚቃ ሊቃውንቱ ቤላ ባርቶክና ዞልታን ኮዳይ የድምፅ መቅረጫ ተሸክመው ገበሬውን በየመንደሩ ያስዘፍኑ ነበር፤ የአገራቸውም የሙዚቃ ትምህርት በዚያ ላይ ቆመ። እኛ ግን በዚያ ዘመን እንዲህ በየመንደሩ እየዞርን ገበሬውን አላስቀረጽንም።

ሸክላውም ቢሆን ድምፁን እንጂ ሥርዓቱን አይዝም። ማን ተቀበለ? ለምን ጉዳይ ተዘፈነ? ቀጥሎ ምን ይባላል? ይህን የሚያውቀው ዜማውን የሚኖርበት ሰው ነው። ስለዚህ ዜማ ሁለት ጠባቂ ይሻል፤ አንዱ ቅጂ ነው፣ ሁለተኛው ብዙ አፍ።

ዛሬ አደጋው ፊቱን አዙሯል። ማሲንቆ መድረክ አግኝቷል፤ የአዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤቶች ያለ እሱ አያመሹም። አሁን የሚያሳስበኝ ያኔ የማይበገር የነበረው፣ የሁሉም የሆነው ዜማ ነው። የደቦው ዘፈን ያለ ደቦ፣ የአውድማው ዘፈን ያለ በሬ አይዘፈንም። የወፍጮ ቤት ሞተር መንደር ሲገባ የእናቶች ወገብ ያርፋል፤ ደስ ይበለን። ነገር ግን እናት ሌሊት በድንጋይ ወፍጮ ላይ ገብስ እየፈጨች ያንጎራጎረችውን ማንም ሳይጽፈው ድንጋዩ ከጓሮ ይጣላል። ሙሾውም እንዲሁ ነው። የሟቹን ውሎ በግጥም የምትደረድር አልቃሽ ካረጀች፣ የአንድ ቀበሌ ታሪክ አብሯት ያረጃል። እዚህ ገዳይ የለም፤ አጋጣሚው ሲቀር ዜማው አብሮ ይቀራል።

መንዝ ለዚህ መድኃኒቱን ከራሱ ታሪክ ሊወስድ ይችላል። ጓሳ የሚባለውን የደጋውን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች የሚወለዱት አባ ቀራ የሚባሉ የሣሩ አለቆች ሆነው ይሾሙ ነበር፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ፣ በተወሰነው ጊዜ ይከፈት፣ የጣሰም ይቀጣ ነበር። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ጓሳው ተጎዳ። ሕዝቡ ግን በአዲስ ኮሚቴ መልሶ ያዘው፤ ዛሬ የኅብረተሰብ ጥብቅ ቦታ ሆኖ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ጭምር ያኖራል። ሣሩ የተረፈው ባለቤት፣ ደንብና ተራ ስለነበረው ነው። ለዜማው ግን እንዲህ ያለ ደንብ አላወጣንለትም።

ለዜማም እንዲህ ያለ ደንብ ሊኖር እንደሚችል ከሌላ ተራራ ማየት ይቻላል። በህንድ ሂማላያ፣ በኡታራካንድ ግዛት፣ ሳሉር ዱንግራ የሚባሉ መንትያ መንደሮች ራማን የተባለውን ዓመታዊ የዜማና የጭንብል በዓላቸውን በጋራ ያካሂዳሉ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ያዋጣል፤ ጭንብሉን የሚለብሰው፣ ጃጋር የተባለውን ዝማሬ የሚያዜመው፣ ጸሎቱን የሚመራው ወገን የታወቀ ነው። ዩኔስኮ በዓሉን በ2009 እ.ኤ.አ. በሰው ልጅ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዘገበው፤ ያቆየው ግን የመንደሩ የሥራ ክፍፍል ነው።

እንግዲህ በመንዙ መሐል ሜዳ፣ በግሼው ራቤል፣ በመርሐቤቴው ዓለም ከተማ ምን ይደረግ? በየቀበሌው ሽማግሌዎችና አልቃሾች ያሉበት፣ የአዝማሪ ቤተሰቦችም እኩል የሚቀመጡበት አንድ ጉባኤ ይቁም። ስልክ የያዘ ወጣት ሁሉ በጥር ሠርግ፣ በቡሄ፣ በእንቁጣጣሽ ይቅረጽ፤ ከመሪው ጋር ተቀባዩንም ይቅረጽ። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ የዘፋኙ ስም፣ ቀበሌው፣ ቀኑና አጋጣሚው ይጻፍ። ሙሾ የሚቀረጸው ቤተ ዘመዱ ሲፈቅድ ብቻ ይሁን። አንድ ቅጂ በወረዳው ትምህርት ቤት፣ ሌላው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ። ትምህርት ቤቱም አዝማሪውን እንደ መምህር ከፍሎ ይጋብዝ፤ የማንም ልጅ ማሲንቆ ለማንሣት ቢፈልግ አይከልከል።

በ1929 በጥቂት ቤቶች ታጥሮ የነበረው ጥበብ ክፉኛ ተመታ፤ የሁሉም የነበረው ግን ገዳዩን አልፎ ለእኛ ደረሰ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፦ የጥቂቶች የሆነውን ለብዙዎች እናስተምር፤ የብዙዎች የሆነውን ደግሞ ብዙዎቹ ሳይረሱት በስማቸው እንመዝግብ።